ቤተሰብ ይዞ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ስንት ይፈጃል?

አንድ ማታ ትምህርቱ አልቆ ሰው ሊበተን ሲል፣ ከማንኩሳ አካባቢ የሚመጡ አንድ አባት ከኋላ ሆነው፣ «እንዲያው ልጄ፣ ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ ደርሼ ልመለስ ብል ስንት ብር ይፈጅብኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የ10 ዓመት ሴት ልጃቸው በትምህርት መጽሐፏ ላይ የአንበሳ ሥዕል አይታ፣ «አባዬ፣ አንበሳ ዛሬም አለ ወይ?» እያለች እንቅልፍ ነስታቸዋለች።

ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። የእኛ አገር ገበሬ መንገድ የሚወጣው ሲታመም፣ ፍርድ ቤት ሲጠራ፣ ዘመድ ሲሞትበት ወይም ጠበል ሲሄድ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የወረደውም ወጣት ብዙ ነው። እነዚህ ሁሉ የግድ ጉዞዎች ናቸው። የግድ ስለሆኑም ማንም ቁጭ ብሎ ሂሳባቸውን አይሠራም፤ ካለ ይከፈላል፣ ከሌለ ይበደራሉ። ልጅን ለማሳየትና ለመደሰት የሚደረግ ጉዞ ግን ጊዜ ይሰጣል። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሊሠራ ይችላል።

ሳይሠሩት የሄዱ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። የማውቀው አንድ ቤተሰብ ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ገባ። ባልየው ጊደር ሸጦ ብሩን በኪሱ ይዟል፤ ብዙ መሰለው። ልጆቹ ያዩትን ሁሉ ግዛልን አሉ። በ3ኛው ቀን ኪሱን ሲዳብስ የመመለሻ ትኬት መግዣ የለም። ከአንድ አበዳሪ በወለድ ወስዶ ተመለሰ። ያን ብድር ሲከፍል ሰኔ ደረሰ፣ የማዳበሪያ ገንዘብ ጎደለ፣ የመሬቱን እኩሌታ ያለ ማዳበሪያ ዘራ። ጉዳቱ የታየው እንግዲህ በአዲስ አበባ ሳይሆን በኅዳር፣ በአውድማው ላይ ነው። የአራት ቀን ደስታ የዓመት ቀለብ ነካ።

ስለሆነም ያን ማታ በሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የጻፍነው መሄጃውን ሳይሆን መመለሻውን ነበር።

ሂሳቡን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ ብለን ያስቀመጥናቸው ናቸው እንጂ የዛሬ ዋጋ አይደሉም። እያንዳንዱ ሰው ትክክለኛውን ታሪፍ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ መናኸሪያ ጠይቆ በቦታው ይተካ። የሚለወጠው ቁጥሩ ነው፤ አሠራሩ ያው ነው።

«ስንት ሰው ነው የሚሄደው?» አልኳቸው።

«እኔና ወንዱ ልጄ። ዕቃ ይይዝልኛል።»

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው ከሴቶቹ ረድፍ ሆነው፣ «አንበሳ ልይ ያለችው ሴቷ፣ የሚሄደው ወንዱ!» አሉ። እንደገና ሳቅ ሆነ። አባትየው ጥቂት አሰቡና፣ «እሺ፣ ሴቷም ትጨመር» አሉ። እንግዲህ እናትየው ሊቀሩ ነው። ሕፃን ያጠባሉ፤ ከቤት ርቀው የሄዱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ደብረ ማርቆስ ለሕክምና።

እኔም ለትምህርቱ ያህል ሁሉንም ሰው እንጻፍ አልኩ። አባት፣ እናት፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ፣ የ10 ዓመት ሴት ልጅ፣ በእቅፍ ያለ ሕፃን። ሕፃኑ በእናቱ ጭን ስለሚቀመጥ ለወንበር አይከፍልም ብለን ያዝን፤ ይህንንም ቢሆን አስቀድሞ መናኸሪያው ላይ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ወንበሩ 4 ነው። የአንድ ሰው ታሪፍ 1,000 ብር ቢሆን፣ 4 ሰው 4,000 ብር ለመሄጃ፣ 4,000 ብር ለመመለሻ፣ በድምሩ 8,000 ብር።

ቀኑን ቆጠርን። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቡሬ የሚነሣ ደግሞ ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ይጨምራል። አውቶቡሱ በንጋት ተነሥቶ ጅጋን፣ ደምበጫን፣ አማኑኤልን አልፎ ደብረ ማርቆስ ይገባል፤ ከዚያ በሉማሜ አድርጎ ደጀን፣ ከደጀን ዓባይ በረሃ። ስለዚህ አንድ ቀን ለመሄድ፣ ሁለት ቀን ለማየት፣ አንድ ቀን ለመመለስ፣ በጠቅላላው 4 ቀንና 3 ሌሊት ይሆናል። አልጋ በሌሊት 500 ብር ቢሆን 1,500 ብር።

«ዘመድ ቤት እናድራለን፤ ለአልጋ ምን አስከፈለን?» ያሉ ነበሩ። ይቻላል። ነገር ግን ዘመድ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። በርበሬው፣ ቅቤው፣ ጤፉ ገበያ ቢወጣ ስንት ያወጣ ነበር? ያም ይጻፍ። ደግሞም በከተማ ቤት ጠባብ ነው፤ አንዲት ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ሦስት ሌሊት ማሳደር ለባለቤቱም ቀላል አይደለም። ሲኬድ በስልክ ጠይቆ፣ እሺታ አግኝቶ ነው እንጂ ድንገት በር ማንኳኳት ደግ አይደለም።

ከዚያ ምግብ መጣ። እዚህ ላይ ነው ሂሳቡ የተገለበጠው።

ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ መብያ 150 ብር ቢሆን፣ በቀን ሁለት ጊዜ 300 ብር ነው። ለ4 ሰው በቀን 1,200 ብር፣ ለ4 ቀን 4,800 ብር። አባትየው፣ «ለሆድ ብቻ 4,800!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። እናትየው ግን ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ቀረቡ። «ለምን ይገዛል? በሶ አለ፣ ዳቦ ቆሎ አለ፣ ድርቆሽ አለ። በመንገድ ሁለቱን ቀን ከስንቅ፣ ከተማ ደግሞ ጠዋት ከስንቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትኩስ ነገር ገዝቶ መብላት ነው» አሉ። ይህን በቁጥር ስንጽፈው፣ የሚገዛው ለ4 ሰው በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ2 ቀን ብቻ ሆነ፤ 1,200 ብር። ከ4,800 ላይ 3,600 ብር ተረፈ።

ቀጥለን የእናትየውን ድርሻ ለብቻው አወጣን። ትኬታቸው ደርሶ መልስ 2,000፣ የሚገዛላቸው ምግብ 300፣ የከተማ ታክሲ 100፣ መግቢያ 300፤ ድምሩ 2,700 ብር። በስንቃቸው ለቀሩት 3 ሰዎች የዳነው ደግሞ ያው 2,700 ብር ነው። እሳቸው ቢሄዱ ጉዞው አይከብድም፤ ወጪው እኩል ነው።

አባትየው ተከራከሩ። «ስንቁን እዚህ ሠርታ ትስጠና!»

«ስንቁን የሠራ ይሂድ» አሉ እናትየው። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ስማቸውን ከሰሌዳው ያጠፋ የለም።

በእርግጥ ሰው ሁሉ ሲሄድ ከብቱን የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ይህ ብር ባይሆንም ወጪ ነው። ወንድም ወይም ጎረቤት አራት ቀን ከጠበቀ በአጨዳ ወይም በጉልጓሎ አራት ቀን ይመለስለታል። እኛም «4 ቀን ጉልበት» ብለን በሂሳቡ ግርጌ ጻፍነው። ብድር መሆኑ እንዳይረሳ ነው።

አሁን ወደሚታየው ነገር እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ አንበሳ የሚታይባቸው ሁለት የታወቁ ቦታዎች አሉ። አንደኛው ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ ነው፤ በንጉሡ ዘመን፣ በ1940 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተ ነው። ሁለተኛው በታላቁ ቤተ መንግሥት፣ በምኒልክ ግቢ ውስጥ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ነው። ይህ ለሕዝብ የተከፈተው በ2012 ዓ.ም. ነው። ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች ብቻ ሳይሆኑ የድሮው የግብር አዳራሽ፣ የየክልሉ ባህል የሚታይበት ቦታና የአትክልት ሥፍራ አለበት። ለአንድ ቤተሰብ አንዱ ይበቃል። ሁለቱን በአንድ ቀን ልይ የሚል ሰው ልጁን ደክሞት ተሸክሞ ይዞራል እንጂ አንዱንም በቅጡ አያይም።

ከመሄድ በፊት በስልክ የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በሳምንት ስንተኛው ቀን ይዘጋል? የልጅ ዋጋ ስንት ነው? መግቢያው በር ላይ በጥሬ ብር ይሸጣል ወይስ በባንክና በስልክ ነው የሚከፈለው? መታወቂያ ይጠየቃል ወይ? ሌላው ቢቀር የመጀመሪያውን አትርሱ። 390 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በተዘጋ በር ፊት መቆም በልጅ ፊት ያሳፍራል።

ለስሌታችን የአዋቂ መግቢያ 300፣ የልጅ 150 ብር ብለን፣ ለ2 አዋቂና ለ2 ልጅ 900 ብር ያዝን። የከተማ ታክሲ ለአንድ ሰው በቀን 50 ብር፣ ለ4 ሰው ለ2 ቀን 400 ብር። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ሆነ፦

አውቶቡስ፣ ደርሶ መልስ ........ 8,000
አልጋ ........ 1,500
ምግብ ........ 1,200
ታክሲ ........ 400
መግቢያ ........ 900
ድምር ........ 12,000 ብር

ይህን አስተውሉ። ሰው ሁሉ የሚፈራው የመግቢያውን ዋጋ ነበር። ነገር ግን መግቢያው ከ12,000 ብር 900 ብቻ ነው፤ ከ100 ብር 7 ብር ከ50 ማለት ነው። ትልቁን የሚበላው መንገዱ ነው። ይህ የኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ዲዝኒላንድ የሚባል ትልቅ የልጆች መጫወቻ ሥፍራ ተከፈተ። በ1992 ደግሞ የዚሁ ወንድም በፈረንሳይ፣ ከፓሪስ ከተማ በስተ ምሥራቅ ተከፈተ። ከጀርመን፣ ከቤልጂክ፣ ከሆላንድ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን በመኪናው ጭኖ፣ የአገር ድንበር አቋርጦ ወደዚያ ይሄዳል። እነሱም ቢሆኑ ገንዘብ የማይተርፋቸው ከሆኑ ምግባቸውን ከቤት ሠርተው ይይዛሉ፤ ከውድ ሆቴል ይልቅ ራቅ ብሎ በድንኳን ያድራሉ፤ ትምህርት ቤት በማይዘጋበት ጊዜና በሥራ ቀን መግቢያው ስለሚረክስ ቀን ይመርጣሉ። አንድ የሆላንድ እናትና አንዲት የማንኩሳ እናት ቢገናኙ በስንቅ ጉዳይ የሚግባቡ ይመስለኛል።

ከእኛም አገር በመኪና ወደ ውጭ መሄድ ይቻላል። በደቡብ ሞያሌ ላይ ድንበሩን አልፎ ኬንያ ነው። ነገር ግን ድንበር ሲታለፍ በወረቀቱ ላይ አዲስ መስመሮች ይጨመራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኑም ጭምር ፓስፖርት፤ የገንዘብ ምንዛሪ፤ ተጨማሪ ሌሊቶች። አዲስ አበባን ሳያዩ ይህን መጀመር ለእኛ ገና ነው። በመተማ በኩል ያለው የሱዳን መንገድ ደግሞ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በዚያ አገር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ሰው የሚሸሽበት እንጂ ልጅ ይዞ የሚሽሞነሞኑበት መንገድ አልሆነም።

ስለ ጦርነት ካነሣን የራሳችንንም መንገድ ማንሣት ግድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት የፍኖተ ሰላምና የአዲስ አበባ መንገድ ለቀናት የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በመንገድ ላይ የሞተና የታገተም አለ። ይህን እያወቁ «ብር ሞልቶልኛልና ልሂድ» ማለት አይገባም። መጀመሪያ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ደርሶ ከተመለሰ ሰው መጠየቅ ነው። ሰላም ካልሆነ ጉዞው ይተላለፍ፤ ገንዘቡ አይበላሽም።

ሰላም ሆኖ ተሂዶ ሳለ ድንገት ቢዘጋስ? አንድ ቀን መንገድ ተዘግቶ ከተማ ቢቀመጡ፣ ስንቁ አልቋልና ምግብ 1,200 ብር፣ አልጋ 500 ብር፣ በድምሩ 1,700 ብር ይወጣል። ለሁለት ቀን 3,400 ብር። ይህ መጠባበቂያ ነው። ከ12,000 ጋር ሲደመር 15,400 ብር ይሆናል። ያ ጊደሩን የሸጠው ሰው ያጣው ይህን መጠባበቂያና የመመለሻውን 4,000 ብር ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሌላው ገንዘብ ጋር መቀላቀል የለባቸውም። እናትየው በመቀነታቸው ጫፍ ቢቋጥሩት የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ልጆች የሚለምኑት አባትን ነው።

ታዲያ 15,400 ብር ከየት ይመጣል? በመጀመሪያ የሚቀደሙት ይቀደሙ፤ ማዳበሪያ፣ ዘር፣ የዓመት ቀለብ፣ የመሬት ግብር፣ የልጆች ደብተር። ለጉዞ ተብሎ በታኅሣሥ በቆሎ መሸጥም አይመከርም፤ ያኔ ሁሉም ሰው ስለሚሸጥ ዋጋው ወድቋል። በሳምንት 200 ብር ቢቀመጥ 77 ሳምንት ይወስዳል፤ ዓመት ከመንፈቅ ማለት ነው። አባትየው፣ «እስከዚያማ ልጅቷ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ታድጋለች» አሉ። እናትየው፣ «አንበሳውም ያድጋል» አሉ።

ነገር ግን ብር ተቋጥሮ ሲቆይ ይረክሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ የነዳጅ ዋጋ ደጋግሞ ጨምሯል፤ ታሪፍም ይከተላል። ዛሬ 1,000 ያልነው በዓመት ከመንፈቅ 1,000 ላይ አይቆይም። ስለዚህ በየመንፈቁ መናኸሪያ ጎራ ብሎ ታሪፉን ጠይቆ፣ በወረቀቱ ላይ አሮጌውን ሰርዞ አዲሱን መጻፍ ያስፈልጋል። ከክፍሉ አንድ ሽማግሌ፣ የመጀመሪያው ጥቂት ሺህ ሲሞላ ጠቦት ተገዝቶ ቢደልብ ይሻላል አሉ። በግ ሊሞት ይችላል ያሉም ነበሩ። ክርክሩ አልተቋጨም፤ እኔም ያልተቋጨውን እንደ ተቋጨ አልጽፍም። ቤተሰቡ ግን እኩሌታውን በዕቁብ፣ እኩሌታውን በበግ ብሎ ወሰነ።

ለዚህ ሁሉ አቅም የሌለውስ? በሰሜን በኩል ባሕር ዳር አለ። ከፍኖተ ሰላም 176 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቡሬ ደግሞ ይቀርባል። መንገዱ ከግማሽ በታች ስለሆነ የትኬቱም ወጪ በዚያው ይቀንሳል። ጣናን ከዳር ሆኖ ማየት አይከፈልበትም። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። ነገር ግን ወሩን ምረጡ። ውኃው ለኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ገደሉ ባዶውን ይታያል፤ ሞልቶ የሚወርደው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። አንበሳ ግን የለበትም፤ ልጅቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ።

ስለ መንገዱ ጥቂት ልጨምር። ደጀን ሲደረስ ልጆች ሆዳቸው ባዶም ሙሉም እንዳይሆን። ከደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በጥምዝምዙ ብዙ ሰው ያስታውከዋል። ሎሚና ባዶ ፌስታል በእጅ ይያዝ። ታች ሙቀቱ ቆላ ነውና ለሕፃኑ ውኃ አይጠፋ። በዓባይ ላይ ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን ይታያል፤ አንዱ አሮጌው ነው፤ ሌላው በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው ነው። ልጆቹን በዚያ በኩል ባለው መስኮት አስቀምጧቸው፤ ይህም ያለ ክፍያ የሚታይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወዲያ ብርድ ይመለሳል፣ ጋቢ ይወጣል። አዲስ አበባ ሲቀርብ የመጨረሻው መናኸሪያ የትኛው እንደሆነ ረዳቱን ጠይቁ። ስትወርዱ ዕቃችሁን «እኔ ልያዝልዎ» ለሚል ለማታውቁት ሰው አትስጡ።

ልጅ በከተማ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህም መድኃኒቱ ጽሕፈት ነው። በየልጁ ኪስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትግባ፤ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ቀበሌው፣ የሚደወልበት ስልክ። በማግስቱ ማታ አባትየው ሴት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ወረቀቷን ራሷ ጽፋ ጨርሳለች፤ የወንድሟንም ጽፋለታለች። እናትየው ግን ሌላ ጉዳይ ነበራቸው። «ለ4 ሰው፣ ለ2 ቀን መንገድና ለ2 ጠዋት ስንት ቁና ገብስ ይቆላል?» አሉኝ። እኔ አላውቅም ነበር። ጠመኔውን ሰጠኋቸው፤ ራሳቸው ሠሩት።